ቅዳሜ ቅዳሜ የምትታመመው መኪና

አባቴ፣ ገነነ፣ የተመሰከረለት መካኒክ ነበር። እኔ ልጁ ግን እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ ሙያ የሌለው ሰው ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ለቅሶው ላይ ይህንን ሳወራ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሊያስተዛዝኑን የመጡ አሮጊቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተንፈቀፈቁ። እማዬ ራሷ፣ ጥቁር ለብሳ በተቀመጠችበት፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አባዬ ቢኖር ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው እሱ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰባ አምስት ላይ። የምንኖረው ከፒያሳ ወደ ውቤ በረሃ በሚያስገባ አንድ ቅያስ ውስጥ ነበር። ከፊት፣ መንገዱ ላይ፣ የእትዬ ከሪማ ሱቅ አለ። በሱቁ ጎን ሲገባ የአባዬ ጋራዥ፣ ከጋራዡ ጀርባ ደግሞ ሁለት ክፍል ቤታችን። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የመዶሻ ድምፅ ነው። ማታ የሚያስተኛኝ አባዬ እጁን በነጭ ጋዝና በኦሞ እያሸ የሚያንጎራጉረው ዜማ ነው። ቃል የለውም፤ ዜማ ብቻ።

አባዬ ከወለጋ የመጣ፣ ጎንበስ ሳይል በራችን የማያስገባው ረጅም ሰው ነበር። እማዬ፣ በለጠች፣ የወላይታ ልጅ ናት፤ አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። እሷ አውቶቡስ ለመያዝ በጠዋት ስለምትወጣ ጸጉሬን የሚሠራኝ አባዬ ነው። በርጩማ ላይ ያስቀምጠኛል። ያ የዛገ ብሎን የሚፈታ ጣት ጸጉሬ ውስጥ ሲገባ እንዴት ቀስ እንደሚል! ጎንጉኖ ሲጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይልና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሥራውን ይመረምራል።

"በይ፣ አሁን መንገድ መውጣት ትችያለሽ። ፍሬንሽም መብራትሽም ይሠራል" ይለኛል።

ቅቤም ቢቀባኝ፣ ቫዝሊንም ቢቀባኝ ያው ቤንዚን ቤንዚን ነው የምሸተው። የሰፈር ልጆች "ማደያ" የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። "ማደያዋ መጣች፣ ክብሪት አጥፉ!" እያሉ ይሸሹኛል። እሱስ ግድ የለም፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። አንገቴን የምታስደፋኝ ሚሌቼንቶዋ ነበረች።

ሚሌቼንቶ በዚያ ዘመን ሰው የሚወዳት የፍያት መኪና ዓይነት ናት። የኛይቱ ያልበሰለ ሎሚ ትመስላለች። ንብረቱ ተወርሶበት ከአገር የወጣ አንድ አርመን ነው ለአባዬ ትቶለት የሄደው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሸራ ተከናንባ ጥግ ላይ ትቆማለች። የሌላ ሰው መኪና ተጎትቶ ይመጣል፣ አባዬ ከሥሩ ገብቶ ያንኳኳል፣ መኪናው እየበረረ ይወጣል። ሚሌቼንቶዋ ግን ወጥታ አታውቅም። ጭራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በሆነ ቁጥር ይብስባታል።

ምሳ ተበልቶ ዕቃው ሲነሳ ጠያቂዎቿ መምጣት ይጀምራሉ። አንድ ላይ አይመጡም። መጀመሪያ አስተማሪው ጋሽ እንዳለ፣ ዝም ብሎ እንደሚያልፍ ሰው ቅያሱን አልፎ ሄዶ ተመልሶ ይገባል። ቆየት ብላ ነርሷ እትዬ ቆንጅት፣ ቆየት ብለው ሌሎች። መጨረሻ ላይ ጆሯቸው እምብዛም የማይሰማው እማማ አሰፋች ከዘራቸውን እየመቱ ይደርሳሉ። ብዙዎቹ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዘው ነው የሚመጡት። ውስጡ ያለው ቤንዚን መሆኑን ከጠረኑ አውቄዋለሁ። ቤንዚን በራሽን በሚታደልበት ዘመን ከየት ከየት እንደሚያገኙት እንጃ። ለበሽተኛ ብርቱካን እንደሚወሰደው ለመኪናዋ መጠየቂያ መሆኑ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ሁሉም ሲገቡ አባዬ በሩን ከውስጥ ይቀረቅርና ሞተሩ ይነሳል። ወይ ጩኸት! ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ እትዬ ከሪማ መደርደሪያ ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል። ጭሱ በጎማ ቱቦ ተስቦ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ቅያሱ ይወጣል። እኔ እዚያ መግባት አይፈቀድልኝም። እማዬ "ጭሱ ለልጅ አይሆንም" ትልና ከእትዬ ከሪማ ልጅ ከሸፊቃ ጋር እንድጫወት ወደ ሱቁ ትሰደኛለች። እሷ ራሷ ግን ትገባለች። ታይፒስት መኪና ጥገና ውስጥ ምን እንደምትሠራ አይገባኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ በበሩ ሳንቃ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ። ኮፈኑ ተከፍቷል። እማዬ መሪው ጋ ተቀምጣ ነዳጅ ትረግጣለች። ሰዎቹ መኪናዋን ከበው ቆመዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግን ከሞተሩ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። እትዬ ቆንጅት እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች። ያ ኮስታራ ጋሽ እንዳለ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አቀርቅሯል።

በቃ፣ ገባኝ። መኪናዋ ልትሞት ነው። አባዬ ሊያድናት አልቻለም። ሰዎቹም የሚመጡት ሊያለቅሱላት ነው።

እውነቱን የነገሩኝ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ወላጆቼ የሚያመልኩበት ቤት ታሽጎ ነበር፤ የሚያስተምሯቸውም ታስረዋል። በዚያ ጊዜ "ጴንጤ" መባል ራሱ ሰው ያስበላል። በየቤቱ ተደብቆ መጸለይ ይቻል ይሆናል፤ መዝሙር ግን ግድግዳ አልፎ ይሰማል። አባቴ ደግሞ መዝሙር የሌለው ጸሎት አይሆንለትም። ስለዚህ የሚሌቼንቶዋን ማርሚታ፣ የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነውን ዕቃ፣ በገዛ እጁ አውልቆ ደበቀው። እሷ ስትጮህ እነሱም እንደ ልባቸው ይጮኻሉ። ለኔ ያልነገሩኝ ልጅ አፉ አይታመንም ብለው ነው። ደግሞም አልተሳሳቱም።

በእትዬ ከሪማም ተሳስቼ ነበር። ሸፊቃን እንደ እህቴ እወዳታለሁ፤ እናቷን ግን እጠላት ነበር። ቅዳሜ ሞተሩ ሲነሳ ሱቋ ደጃፍ ላይ ትቀመጥና መንገዱን ታያለች። ከዚያ ድንገት፣ ምንም ሳይነኳት፣ "አንተ ገነነ! ኧረ በአላህ፣ ጭስህ ፈጀን!" ብላ ቅያሱን ታናውጠዋለች። እሷ በጮኸች ቁጥር ሞተሩ ይብስበታል። አባዬ እልኸኛ ሆኖ ነው የሚመስለኝ። አሁን እትዬ ከሪማ ሰባውን አልፋለች፤ ለቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

"ጉሮሮዬን የጨረስኩት ለአባትሽ ነው" አለችኝ። "ካኪ የለበሰ በቅያሱ ብቅ ሲል እጮሃለሁ። እናትሽ ነዳጅ ትረግጣለች፣ እነሱ ዝም ይላሉ።"

"አንቺ ምን አገባሽ? ብትያዢስ?"

"ጎረቤት አይደለን እንዴ!" አለችኝ፤ በጥያቄዬ ተቀይማ።

ታዲያ በዚያ በስምንት ዓመቴ፣ ሐድጉ የሚባል አፈ ጮሌ የሰፈራችን ልጅ አንድ ቀን በልጆች መሀል ቆሞ፣ "የዚች አባት መካኒክ ሳይሆን ቄስ ነው፤ መፍታት እንጂ መግጠም አያውቅም!" አለ። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔ ቤት ገብቼ ትራስ ውስጥ አለቀስኩ። ማታ አባዬ ሲያንጎራጉር ጀርባውን እያየሁ አዘንኩለት። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ አልኩ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምመላሽ ይባላል። ከኦጋዴን ጦርነት እግሩን ቆስሎ የተመለሰ፣ ሲሄድ የሚያነክስ ሰው ነው። እሱ ሲያልፍ ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እኔ ስለሱ የማውቀው ጦር ሜዳ ታንክ ይጠግን እንደነበር ብቻ ነው፤ በየስብሰባው ያወራዋል። ታንክ የጠገነ ሰው ሚሌቼንቶ ያቅተዋል?

ከሸፊቃ ጋር ለስኳር ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ሳለን እያነከሰ መጣ። ከሰልፉ ወጥቼ ፊቱ ቆምኩ።

"ጋሼ ሊቀመንበር፣ ታንክ የሠሩት እርስዎ ኖት?"

"ነኝ። ምነው፣ ታንክ ተበላሸብሽ?"

ሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው ምን ያህል መሳቅ እንደሚፈቀድለት እየገመተ ትንሽ ትንሽ ሳቀ።

"የአባዬ መኪና ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትታመማለች። ሰው ሁሉ ከቧት ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅስላታል እንጂ የሚያድናት ጠፋ።"

"ያለቅስላታል?" አለ።

"አዎ። እርስዎ ቢያዩአት ግን ትድናለች።"

ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየ። "የማን ልጅ ነሽ?"

"የመካኒኩ፣ የገነነ። አዲስአለም እባላለሁ።"

"እሺ አዲስአለም። ቅዳሜ እመጣለሁ" ብሎ ሄደ።

አባዬን ድንገት ላስደስተው ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ሸፊቃንም እንዳትናገር አስማልኳት። ያ ሳምንት አልገፋ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠያቂዎቹ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ ገቡ፣ ሞተሩም ተነሳ። እኔ ደጃፍ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ጓድ ደምመላሽ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት አስከትሎ በቅያሱ ብቅ አለ። እትዬ ከሪማ ስታያቸው ብድግ አለች፤ የተቀመጠችበት ሳጥን ተገለበጠ።

"ገነነ! አንተ ገነነ! ጭስህ ገደለን! ሞትን እኮ!"

እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ሞተሩም እንደዚያ ጮኾ አያውቅም። ጓድ ደምመላሽ ጠባቂዎቹን "እዚህ ቁሙ" አላቸውና ወደ ውስጥ ዘለቀ። እኔ ቀድሜው ሮጬ በሩን ደበደብኩ።

"አባዬ ክፈት! እንግዳ አምጥቼልሃለሁ!"

አባዬ ከፈተ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሰው ደስታ ሲበዛበት እንዲህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ውስጥ ያሉት ሰዎች በሙሉ ሥራ ላይ ነበሩ። ጋሽ እንዳለ አንድ የጎማ መፍቻ እንደ ሻማ ቀጥ አድርጎ ይዟል። እትዬ ቆንጅት መስታወቱን በነጠላዋ ትወለውላለች። ሌላው ጎማውን በእግሩ ይነካካል። እማዬ መሪው ጋ ናት። እማማ አሰፋች ብቻ ጥግ ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛሉ።

ጓድ ደምመላሽ እያነከሰ መኪናዋን ዞራት። ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ እማዬን በእጁ ጠቆማት። "አጥፊው!"

እማዬ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ጸጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻውን ቀረ። እማማ አሰፋች ሞተሩ መጥፋቱን አልሰሙም፤ መዝሙራቸውን ቀጥለዋል። አባዬ ማታ ማታ የሚያንጎራጉረው ዜማ ነው። ቃል እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስለ ምሕረት ነበር የሚለው። ማንም አልተነቃነቀም። እትዬ ቆንጅት ነጠላዋን መስታወቱ ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀርታለች። እንግዳው ግራ እንዳይገባው ብዬ ማስረዳት የኔ ፋንታ ሆነ።

"ጋሼ ሊቀመንበር፣ እማማ አሰፋች ጆሯቸው አይሰማም። ለመኪናዋ እየዘፈኑላት ነው።"

ጓድ ደምመላሽ ኮፍያውን አውልቆ፣ ክብደቱን በደህናው እግሩ ላይ አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። እማማ አሰፋች ጨረሱና ዓይናቸውን ገለጡ።

"ምነው እናንተ ዝም አላችሁ?" አሉ፤ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብለው።

ጓድ ደምመላሽ ወደ አባዬ ዞረ። "ጓድ ገነነ፣ ሞተሩን ለምን አጠፋችሁት?"

"እርስዎ አጥፊው ስላሏት ነዋ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"እኔ ስላልኩ? በር ላይ ሁለት ሰው ጠመንጃ ይዞ ቆሟል እኮ! አስነሺው እህቴ! ቶሎ በይ፣ አስነሺው!"

እማዬ ቁልፉን መልሳ አዞረች። ሚሌቼንቶዋ አንዴ ሳለችና ዝም አለች። እንደገና ሳለች። ከዚያ እግዜር ይስጣት፣ ቆርቆሮውን የሚያራግፍ ጩኸቷን ለቀቀችው።

ጓድ ደምመላሽ ጃኬቱን አውልቆ ለእትዬ ቆንጅት አሸከማትና ኮፈኑ ሥር ገባ። "ካቻቢቴ!" ብሎ ይጮሃል። "ይሄ አይደለም፣ ትልቁን! ያዝ እዚህ ጋ! ልቀቅ!" ጩኸቱ ከሞተሩ አልፎ እስከ በሩ ይሰማል። በዚያ ሁሉ መሀል አንዴ የአባዬን አንገት ስቦ በጆሮው አንድ ነገር አለው። በሽታዋን እየነገረው ነው አልኩ። ለብዙ ጊዜ ከኮፈኑ ሥር አልወጣም። ሲወጣ ፊቱ በግራሶ ጠቁሮ ጥርሱ ይታያል፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ በሩ ሄደና ጠባቂዎቹን፣ "ካርቡራቶሩ ተደፍኖ ለዚህ ሁሉ ሰው ይጮኻሉ! ሠርቼላቸዋለሁ። ነገ ሲነዳት ታያላችሁ" አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ "መኪናሽ ድናለች" አለኝ።

እሱ ሲወጣ አባዬ ወደ ጣሪያው ወረወረኝ። ያዘኝና እንደገና ወረወረኝ። እትዬ ቆንጅት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ጋሽ እንዳለ የጎማ መፍቻውን አቅፎታል። እትዬ ከሪማ ሮጣ ገብታ እማዬ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ይሄ ሁሉ ስለ አንዲት ካርቡራቶር ነው ብዬ ኮራሁ።

እማማ አሰፋች ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። "ያ ሰውዬ አዲስ ነው?" አሉ። "ጥሩ አዳማጭ ነው። በሚቀጥለው ሳምንትም ይምጣ።"

በጆሮው ያለውን አባዬ የነገረኝ እኔ ራሴ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። "ሞተሩ ጤነኛ ነው። ልጅህ ግን ምላስ አላት። ነገ ይህችን መኪና ሰው ፊት ካልነዳሃት አንተም እኔም ተበላን" ነበር ያለው። ለምን እንዳዳነን ግን አባዬ አልጠየቀውም። ሊቀመንበሩ ብዙም ሳይቆይ ከሰፈራችን ተዛወረ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ናዝሬት ጋራዥ ከፍቷል ሲባል ሰምቶ አባዬ ሊጠይቀው ሄደ። ቀኑን ሙሉ ስለ ካርቡራቶር ሲያወሩ ዋሉ፤ ያችን ቅዳሜ አንዳቸውም አላነሱም።

"እንዴት አላነሳህበትም?" አልኩት።

"አዲስ፣ ሰውን ስለ ደግነቱ ብትጠይቂው ይደነግጣል" አለኝ።

ሚሌቼንቶዋ ከዳነች በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ በሽተኛ ተገኘ። ከሷ የባሰ የሚጮህ አሮጌ የጭነት መኪና ነበር። የአባዬ ዝና እየሰፋ ነው ብዬ ሐድጉ ላይ ተኩራራሁበት።

ግን የእሑዱን ልንገራችሁ። ያን ማታ አባዬ ማርሚታዋን መልሶ ገጠማት። እሑድ ረፋዱ ላይ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ በሩን ሁለት ወገን በረገደው። እማዬ ከፊት፣ እኔና ሸፊቃ ከእትዬ ከሪማ ጋር ከኋላ። ሚሌቼንቶዋ ድምፅዋን አጥፍታ፣ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመች ከጋራዡ ወጣች። ሰፈሩ በሙሉ ደጃፍ ላይ ነበር። ከሁለቱ ጠባቂዎች አንደኛው አጨበጨበ። ሐድጉ አፉን ከፍቶ ከኋላችን ሲሮጥ እኔ እንደ ሚኒስትር ፊት ለፊት ብቻ አየሁ።

በጊዮርጊስ ዞረን፣ ፒያሳን አቋርጠን፣ ማዘጋጃ ቤቱን በስተኋላ ትተን ቸርችል ጎዳና አፋፍ ላይ ደረስን። እሑድ ስለሆነ መኪና የለም ማለት ይቻላል። ጎዳናው እስከ ታች ድረስ ባዶውን ተዘርግቷል።

"ቤንዚን እንቆጥብ" አለና አባዬ ሞተሩን አጠፋው። ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ ለቀቃት።

መኪናዋ ያለ ምንም ድምፅ መንሸራተት ጀመረች። ጎማው አስፋልቱን ሲልሰው ብቻ ይሰማል። እማዬ በኩሏ ያለውን መስታወት ዘጋች። እትዬ ከሪማም ያለ ማንም ትእዛዝ የኋላውን ዘጋች። ከዚያ እማዬ አፏን ከፈተች።

እናቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ያንን ዜማ፣ ከነቃሉ፣ ከሆዷ አውጥታ ዘመረችው። አባዬ በወፍራሙ ከሥር ገባላት። እትዬ ከሪማ ቃሉን ስለማታውቀው ወንበሩን እየመታች አጀበቻቸው። ከመስታወቱ ውጭ ሱቁና ሆቴሉ ያልፋል፣ ሰዎች በእግረኛ መንገድ ይሄዳሉ፤ ማንም ዞር አላለም። እኔ እማዬ የዘመረችው መኪናዋ ስለዳነች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ያ የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ፣ በላዩ ሞተር ሳይጮህበት የገዛ ድምፅዋን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ታች ስንደርስ ቁልቁለቱ አለቀ። መኪናዋ ዝግ አለች፣ ዝግ አለች፣ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። ከኋላችን አንድ አውቶቡስ መጥቶ ጥሩንባውን ነፋ። "አባዬ፣ አስነሳት እንጂ!" አልኩት። አውቶቡሱ ደግሞ ነፋ። አባዬ ግን እጁን ከቁልፉ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እማዬ ገና አንድ አዝማች ይቀራት ነበር።